ግልጽ ያልሆነ ጩኸት

ሃያ ሸቀል ከፈልኩ፤
እዚህ መጠየቅም ዋጋ አለው።
ቅጹን የሞላሁት በሌሊት ተራዬ፣ በአዛውንቶች ቤት፣
ወይዘሮ ብሉማ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው፣ ጭኔ ላይ አድርጌ።
«የሚፈልጉት ሰነድ፦» ይላል አንዱ ሳጥን።
ጻፍኩ፦
«ሐዴራ፣ የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ የሚታይበት መስቀለኛ መንገድ፣
ማክሰኞ ምሽት፣
ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ካሜራ ያየው ሁሉ፤
ፈረሶቹን ማን እንዳዘዘ፣
ውሃ መርጫው በስንት ሰዓት እንደተከፈተ፣
የአባቴ ምርኩዝ የት እንደገባ።»
የመጨረሻውን ሰረዝኩት። ምርኩዝ ሰነድ አይደለም።

የወጣነው ለኤልያቭ ክንድ ነበር፣ ለጎረቤታችን ልጅ፤
መታወቂያ ሲጠይቁት የተሰበረው።

ሠላሳ ቀን አሉኝ። ሠላሳው ሲሞላ ሌላ ሠላሳ፤
ያም ሲያልቅ ስልሳ።
አባቴ በጣቱ እየቆጠረ፣ «ቀጠሮ ነው» አለ፤
«ዳኛ ሲያመነታ ቀጠሮ ይሰጣል።»
በጎልማሳነቱ ስለ ወሰን ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ
በላ ልበልሃ ያለ ሰው ነው፤
ነገሩን በግጥም አስሮ፣ በዘንግ ጫፍ እየጠቆመ።

በመቶ ሃያ አንደኛው ቀን መልሱ መጣ፤
ዐሥራ አራት ገጽ፣ ዐሥራ አንዱ ጥቁር።
ሰም ነው ብዬ በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ከሥሩ ወርቅ ቢኖር።
ከቀለሙ ሥር ወረቀት፣
ከወረቀቱ ሥር ጠረጴዛ።

በተረፈው ነጭ ላይ እንዲህ ይላል፦
19:42 — ፈረሰኞች ተንቀሳቀሱ።
19:43 — በዕድሜ የገፋ ሰው እጁን ያነሳል። ግልጽ ያልሆነ ጩኸት።
19:44 — ካሜራ ቁጥር ስድስት በብልሽት ጠፋ።
19:51 — ካሜራ ቁጥር ስድስት በራ።

እኔ ከጎኑ ነበርኩ።
ጩኸት አልነበረም፤ ሁለት ቃል ነበር፣
ምርኩዙን አስፋልቱ ላይ ተክሎ፣ ረጋ ብሎ፦
በሕግ አምላክ።
ይህን የሰማ፣ ዱላ ያነሳ እጁ ባለበት ይቀራል፤
የሚሮጥ ይቆማል፣ ወንበዴም ቢሆን።
አባቴ ይህን አምኖ ነው ፈረስ ፊት የቆመ።
ፈረሱ ያመነታ መሰለኝ።
ፈረሰኛው አላመነታም።

ደግሞ የስሙ ነገር። በነሱ ፊደል አናባቢ አይጻፍም፤
ጸሐፊዋ በስልክ ስታነብልኝ
«ፒርዳ» አለችው፤ በቅሎ።
«ፈረደ ነው» አልኳት።
«ምን ማለት ነው?»
«ፍርድ ሰጠ።»
ዝም አለች። ከዚያ፣
«ይግባኝ ካለሽ በአርባ አምስት ቀን ውስጥ።»

ይግባኙን ያስጻፈኝ አባቴ ነው፤
ከወጥ ቤቱ ወንበር ተነሥቶ፣
ምርኩዝ በሌለው እጁ አየሩን እየወጋ፦

    ተጠየቅ መዝጋቢ፣ ተጠየቅ ካሜራ፣
    ሰው ሲመታ ጠፍተህ፣ ሲያልቅ የምትበራ፤
    ዐይንህስ ታሟል በል፣ ጆሮህን ማን ደፍኖት
    ሕግ ብዬ ብጣራ፣ ጻፍከው ብለህ ጩኸት?
    ባታውቀው ቋንቋዬን፣ አላወቅሁም በል፤
    የሰው አቤቱታ፣ ጩኸት ነው አይባል።
    በፊደልህ በቅሎ፣ በፊደሌ ዳኛ፤
    ጭነት ልሸከም ወይ፣ ወይስ ልሁን ፍርደኛ?

ወደ ዕብራይስጥ ስመልሰው ቤት መምቻው ወለቀ፤
«ተጠየቅ»ም አልገባ አለኝ።
የተረፈችኝ አንዲት መስመር ናት፦
«19:43 ይታረም። ‹ግልጽ ያልሆነ ጩኸት› የሚለው ተነሥቶ
‹በሕግ አምላክ› ይጻፍ፤ ከነአናባቢው።»
ያን የሰረዝኩትንም መለስኩት፦
ምርኩዝ፣ የወይራ፣ አንድ።

ከፈልኩ። ደረሰኙ ወጣ።
አባቴ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤
እነሱ ካሜራ በሚያንጠለጥሉበት በኩል።